የሕመምተኛው ክፍል አየር ወዴት ይሄዳል?

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦና በአካባቢያቸው ባሉት የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ወረዳዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ፈጥኖ ይመጣል፤ በተለይም ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ያዘለ ነው። ስለዚህ በምሽት በርና መስኮት መዝጋት፣ ቀዳዳን በጨርቅ መድፈን፣ ቤተሰብ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ማምሸት የኖረ ልማድ ነው። ልማዱ ከብርድ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ ከተገለጸ ወዲህ፣ ያው የተዘጋ ቤት አንድ ከባድ ጥያቄ አስነሥቷል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ሕመምተኛና አረጋውያን አብረው ሲያድሩ፣ ሕመምተኛው የሚያስወጣው ትንፋሽ የት ይደርሳል?

ሕመማቸው ቀላል የሆነ ሰዎች በቤታቸው ተለይተው እንዲታመሙ ሲደረግ፣ የተለየ ክፍል መስጠት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። የክፍሉ አየር ተመልሶ ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚሄድ ከሆነ ግን መለየቱ ግማሽ ሥራ ሆኖ ይቀራል። መስኮት መክፈት እንደሚጠቅም ብዙ ሰው ሰምቷል፤ የትኛው መስኮት፣ በየትኛው በኩል፣ ምን ያህል፣ የውስጡ በር ተዘግቶ ወይስ ተከፍቶ የሚለው ግን እምብዛም አይነገርም። የሚያድነው ወይም የሚጎዳው ግን ይኸው ዝርዝር ነው።

ቫይረሱ በአየር ላይ

ሰው ሲተነፍስ፣ ሲናገር፣ ሲያስልና ሲያነጥስ ከአፉና ከአፍንጫው ጠብታዎች ይወጣሉ። ትልልቆቹ ጠብታዎች በአጭር ርቀት ላይ ይወድቃሉ። ረቂቆቹ ግን እንደ ጢስ ተንሳፍፈው ይቆያሉ፤ አየሩ ወደ ሄደበትም አብረው ይሄዳሉ። አየሩ በማይለወጥበት ክፍል ውስጥ በየደቂቃው ይጠራቀማሉ፤ ንጹሕ አየር በሚገባበትና ያደረው አየር በሚወጣበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ይሳሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በየካቲት 2013 ዓ.ም. ባወጣው የአየር ማናፈሻ መመሪያ፣ ሰዎች በሚኖሩባቸውና በሚሰበሰቡባቸው ቤቶች ለእያንዳንዱ ሰው በሴኮንድ ቢያንስ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ መክሯል። በጤና ተቋማት የሕሙማን መኝታ ክፍሎች ግን ለአንድ ሕመምተኛ የተመከረው በሴኮንድ 60 ሊትር ነው።

አየርን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ኃይሎች

ያለ ማሽን አየርን በቤት ውስጥ የሚያንቀሳቅሱት ኃይሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የሙቀት ልዩነት ነው። ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ከባድ ስለሆነ በታች ይገባል። ቤቱ ከውጭው ይልቅ በሞቀ ጊዜ ሁሉ ያደረው አየር ከላይ ባለው ክፍተት ሲወጣ፣ አዲሱ በበር ሥርና በታችኛው ቀዳዳ ይገባል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ነፋስ የሚመታው ግድግዳ ይገፋል፤ በተቃራኒው በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ ይሳባል። ስለዚህ አየር ነፋስ በሚመታው መስኮት ገብቶ በተከለለው መስኮት ይወጣል። ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ በሚጎራበት አገር የነፋሱ አቅጣጫ በቀንና በሌሊት ሊለያይ ይችላል፤ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ቀን ቀን ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የቀዘቀዘው ደግሞ ሌሊት ወደ ሸለቆው ይወርዳል። በቀን የአየር መውጫ የነበረ መስኮት በምሽት መግቢያ ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው።

መሐንዲሶች ጉዞውን እንዴት ያሰሉታል?

የሕንጻን የኃይል ፍጆታ የሚያጠኑ መሐንዲሶች አንድ ቤት ምን ያህል ሙቀት እንደሚያጣ ለማወቅ፣ አየር ከክፍል ወደ ክፍል የሚያደርገውን ጉዞ አስቀድመው ማስላት አለባቸው። ስሌቱን በመስኖ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። እያንዳንዱ ክፍል እንደ አንድ ኩሬ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ በር፣ መስኮትና ስንጥቅ ደግሞ ኩሬን ከኩሬ እንደሚያገናኝ ቦይ ነው። ውኃ ከፍ ካለው ኩሬ ወደ ዝቅተኛው እንደሚፈስ፣ አየርም ግፊቱ ከበረታበት ክፍል ግፊቱ ወደ ላላበት ይፈስሳል። ሰፊ ቦይ ብዙ ያሳልፋል፤ ጠባቡ ጥቂት።

ሕጉ አንድ ነው፤ ወደ ክፍሉ የገባው አየር ሁሉ ያን ያህል ሆኖ መውጣት አለበት። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ግፊት ይገምታል፤ በየቀዳዳው የሚያልፈውን አየር ያሰላል፤ ገቢና ወጪው ካልተመጣጠነ ግምቱን ያርማል፤ እስኪመጣጠን ድረስም ይደጋግማል። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ያሠራው ኢነርጂፕላስና የዚያው አገር ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ያዘጋጀው ኮንታም የተባሉት ፕሮግራሞች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ሙቀት ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው ስሌት፣ ጢስም ሆነ ቫይረስ ያዘለ ረቂቅ ጠብታ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል።

ስሌቱ በወረርሽኝ ጊዜ ያለው ጥቅም በሆንግ ኮንግ ታይቷል። በመጋቢት 1995 ዓ.ም.፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003፣ ሳርስ የተባለው በሽታ በተስፋፋበት ወቅት አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንጻዎች መንደር ከ300 በላይ ነዋሪዎች ታመሙ። ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ሕመምተኛ ጋር ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ተመራማሪዎች የሕንጻዎቹን የአየር ጉዞ በኮምፒውተር ሲያሰሉ፣ ከመጸዳጃ ክፍል የወጣው አየር በሕንጻው መካከል ባለው ክፍተት ወደ ላይኞቹ ፎቆች እንደሚወጣ፣ በነፋስም ወደ ጎረቤት ሕንጻዎች እንደሚሻገር ተረዱ፤ የታመሙት ሰዎች አኗኗርም ከዚህ የጉዞ መስመር ጋር ገጠመ። በሽታው ግድግዳን አልሰበረም፤ ክፍት የነበረውን መንገድ ተከተለ እንጂ።

አንድ የሦስት ክፍል ቤት

ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ አንድ ቤት ለምሳሌ ይወሰድ። በመካከል ሳሎን፣ በግራና በቀኝ አንድ አንድ መኝታ ቤት አለው። በአንደኛው መኝታ ቤት ሕመምተኛው፣ በሌላኛው አያት ይተኛሉ።

የሕመምተኛው ክፍል በር ተከፍቶ ቢቀር ምን ይሆናል? በሩ 2 ሜትር ቁመትና 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል የአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሙቀት ልዩነት ብቻ ቢኖር እንኳ፣ በሩ ከላይ ሞቃቱን ከታች ቀዝቃዛውን እያሳለፈ በሴኮንድ 80 ሊትር ያህል አየር በሁለቱም አቅጣጫ ያለዋውጣል። ክፍሉ 3 ሜትር በ3 ሜትር ቢሆን፣ በ5 ደቂቃ ገደማ የክፍሉን ያህል አየር ወደ ሳሎን ይወጣል ማለት ነው። በበር ፋንታ መጋረጃ የተሰቀለ እንደ ሆነም መጋረጃው ዓይንን ይከልላል እንጂ አየርን አያግድም።

በሩ ሲዘጋ ነገሩ ይለወጣል። ከበሩ ሥር የ1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቢቀር፣ በሴኮንድ 1.5 ሜትር በሚነፍስ ቀስ ያለ ነፋስ ግፊት የሚያልፈው አየር በሴኮንድ 7 ሊትር ያህል ነው። ይህ ከተከፈተው በር ጋር ሲነጻጸር ከአሥር እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ክፍተቱ በተጠቀለለ ጨርቅ ሲደፈን ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ለወረርሽኝ መከላከያ በቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ርካሹና ብርቱው የተዘጋ የውስጥ በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን መስኮቱ ይከፈት። ነፋሱ የሚመጣው ከሕመምተኛው መስኮት በኩል ከሆነና የውስጡ በር ክፍት ከሆነ፣ ነፋሱ የሕመምተኛውን ትንፋሽ እየገፋ በሳሎኑ አሻግሮ ወደ አያት መኝታ ቤት ያደርሰዋል። በዚህ ሁኔታ በበጎ ሐሳብ የተከፈተው መስኮት ጉዳቱን አባብሷል። ነፋሱ ከሌላው ወገን ቢመጣ ግን ንጹሕ አየር በሳሎኑ ገብቶ፣ በሕመምተኛው ክፍል አልፎ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ለሕመምተኛው የሚመረጠው ክፍል ነፋስ የማይመታው፣ በተከለለው ወገን ያለው ክፍል ነው። የአየሩ መንገድ ከጤነኛው ወደ ሕመምተኛው፣ ከሕመምተኛው ወደ ውጭ መሆን ይገባዋል። ነፋሱ አቅጣጫውን ቢቀይር እንኳ እንዳይጎዳ የውስጡ በር ዘወትር ተዘግቶ ይቆይ፤ የሕመምተኛው መስኮትም ወደ ውጭ ክፍት ይሁን።

አንድ የተሰወረ መንገድም አለ። በብዙ ቤቶች ክፍሎችን የሚለየው ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ድረስ አይደርስም፤ ኮርኒሱም ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ሊሆን ይችላል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በሩ ቢዘጋም በግድግዳው ራስ ላይ ተሻግሮ ወደ ሌላው ክፍል ይወርዳል። ይህን ክፍተት በወፍራም ፕላስቲክ ወይም በጭቃ መድፈን፣ በውጭው ግድግዳ በኩል ግን ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ለአየር መውጫ መተው ይመከራል።

ክፍል በሌለው ጎጆ

ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ በሆነበት ጊዜ የሚለይ ክፍል አይኖርም፤ የሚለይ ስፍራ ግን ይኖራል። አየር በሚገባበት በኩል ጤነኞቹ፣ በሚወጣበት በኩል ሕመምተኛው ይተኛሉ። በጎጆው አናት አጠገብ ጢስ የሚወጣበት ክፍተት ካለ አይደፈን። የአየሩ ጠባይ ሲፈቅድ ሕመምተኛው ቀን ቀን በረንዳ ላይ ወይም በግቢው ጥግ በፀሐይ ቢቆይ፣ ቤቱ በነዚያ ሰዓታት ያርፋል።

ብርድና ንጹሕ አየር

ደገኛው መስኮት ለመክፈት ቢያመነታ ምክንያት አለው። ብርድ ያደከመውን ሰው ይበልጥ ያደክማል። ስለዚህ የሚጠየቀው ምን ያህል መክፈት በቂ እንደ ሆነ ነው።

1 ሜትር ቁመትና 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት ሙሉ በሙሉ ቢከፈት፣ ክፍሉም ከውጭው በ8 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ነፋስ ባይኖር እንኳ በሴኮንድ 80 ሊትር ያህል አየር ይገባል፤ ይህም በ10 ሊትሩ መለኪያ ለስምንት ሰው ይበቃል። ያው መስኮት አንድ ጋት ያህል፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢከፈት በሴኮንድ 10 ሊትር ያህል ያስገባል፤ ይህ የአንድ ሰው ድርሻ ነው። እንግዲህ ቀን ቀን ሰፋ አድርጎ መክፈት፣ አስታማሚ በሚገባበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ወለል አድርጎ መተው፣ በብርዱ ሌሊት ደግሞ ቢያንስ አንድ ጋት ክፍት አድርጎ ማደር ይቻላል።

ይህች ጋት ምን ያህል ሙቀት ታስወጣለች? በመካነ ሰላም ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በሴኮንድ የሚገባውን 10 ሊትር አየር በ8 ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው 70 ዋት ያህል ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ግን 100 ዋት ገደማ ይጠይቅ ነበር። ዐርፎ የተኛ ሰው ከሰውነቱ የሚያወጣው ሙቀትም ከ70 ዋት ብዙ አይርቅም። በሌላ አነጋገር ለአንድ ሰው የሚበቃውን ንጹሕ አየር የሚያሞቀው የሰውየው የራሱ ገላ ነው። ክፍሉ በግድግዳውና በቆርቆሮው በኩልም ሙቀት ስለሚያጣ መቀዝቀዙ አይቀርም፤ ነገር ግን ብርዱን ሁሉ ያመጣችው ያቺ የመስኮት ጋት አይደለችም። ከክፍሉ ይልቅ ገላውን ማሞቅ ይቀላል፤ ጋቢ፣ በርኖስ፣ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስና ትኩስ መጠጥ ለዚህ ያገለግላሉ። አልጋውም ከመስኮቱ ፊት ለፊት ዞር ይበል።

በዚህ ስፍራ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ሕመምተኛን ለማሞቅ ብሎ የከሰል ምድጃ በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ ማሳደር ሰው ይገድላል። ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

መንገዱን በጢስ መፈተን

የአየርን ጉዞ ለማየት ኮምፒውተር የግድ አያስፈልግም። በየቤቱ ያለ ዕጣን ይበቃል። ሕመምተኛው ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት በክፍሉ ውስጥ ጥቂት ዕጣን ይጨስ፤ በሩ ይዘጋ፤ መስኮቱ ይከፈት። ከዚያም በሳሎን የሚቀመጥ ሰው ጢሱን ይጠብቅ። ጢሱ በመስኮት ከወጣ መንገዱ ቀና ነው። በበሩ ሥር፣ በቁልፉ ቀዳዳ ወይም በግድግዳው ራስ ላይ ወደ ሳሎን ከመጣ ያ ስፍራ ይደፈን። ፈተናው አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ በምሽት ይደረግ፤ ነፋሱ ይለዋወጣልና። ሕመምተኛው ከገባ በኋላ ግን ጢስ ሳንባውን ስለሚያውክ ዕጣን አይጨስበት፤ በዚያን ጊዜ በበሩ ጠርዝ ላይ የተያዘ ቀጭን ክር የአየሩን አቅጣጫ ያሳያል።

ጢስንና ወረርሽኝን ማያያዝ በአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ የማቃጠል ልማድም ከዚያ ዘመን መታሰቢያ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ጢስ ቫይረስን አይገድልም። የሚሰጠው ጥቅም የማይታየውን አየር መንገድ ለዓይን ማሳየቱ ነው።

ሰው በሚሰበሰብበት ቤት

በለቅሶ፣ በዕድር፣ በማኅበርና በዱአ ጊዜ በአንድ ክፍል ብዙ ሰው ለረጅም ሰዓት ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ጠቃሚው ትይዩ የሆኑ ሁለት ክፍት ስፍራዎች መኖራቸው ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ቀላል ስሌት መሠረት፣ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በትይዩ በርና መስኮት ሲያልፍ፣ የጠባቡ ክፍተት ስፋት 0.4 ካሬ ሜትር ቢሆን በሴኮንድ 260 ሊትር አየር ይገባል። ይህ በ10 ሊትሩ መለኪያ የ26 ሰው ድርሻ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ በሩ ብቻ ሲከፈት ነፋሱ መውጫ ስለማያገኝ ጥቅሙ እጅግ ይቀንሳል። ድንኳን ሲተከልም ሁለቱ ትይዩ ጎኖች ተገልጠው ይታሰሩ፤ አራት ጎኑ የተዘጋ ድንኳን ከተዘጋ ክፍል አይሻልም።

ስሌቱ የማይመልሰው

እስካሁን የተገለጸው ስሌት የአንድ ክፍል አየር በእኩል የተቀላቀለ እንደ ሆነ ይቆጥራል። ስለዚህ ከሕመምተኛው አጠገብ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው የሚደርስበትን አደጋ አሳንሶ ያሳያል። መስኮት በተከፈተበት ክፍል ውስጥም ቢሆን አስታማሚውና ሕመምተኛው ጭምብል ማድረግ፣ መራራቅ፣ እጅ መታጠብና ክትባት መከተብ አለባቸው። አስታማሚው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ በዕድሜ የገፋ ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ሰው ባይሆን ይመረጣል። ንጹሕ አየር ለሌሎች ጥበቃ ነው እንጂ ለሕመምተኛው መድኃኒት አይደለም። ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱን የሚወጋው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ግራ የተጋባ ሕመምተኛ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ለቤተሰብ ማስታወሻ

1. ለሕመምተኛው ነፋስ በማይመታው ወገን ያለ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ያለው ክፍል ይሰጠው።

2. የክፍሉ የውስጥ በር ዘወትር ይዘጋ፤ ሥሩ በተጠቀለለ ጨርቅ ይደፈን። መጋረጃ በርን አይተካም።

3. መስኮቱ ቀን ሰፋ ብሎ፣ ሌሊት ቢያንስ አንድ ጋት ይከፈት፤ አስታማሚ ሲገባ ወለል ይበል።

4. በሳሎንና በሌሎች ክፍሎች ያሉ መስኮቶችም በየጊዜው ይከፈቱ።

5. የአየሩ መንገድ ሕመምተኛው ከመግባቱ በፊት በዕጣን ጢስ፣ ከገባ በኋላ በክር ይፈተን።

6. ከሰል በመኝታ ቤት ከቶ አይደር።

7. ቤቱ ለመለየት የማይመች ሲሆን የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትጠየቅ፤ ቤቱን አይታ የተሻለውን ስፍራ ታመለክታለች።